በፓስፊክ ሰማይ ላይ የተዋጉ አብራሪዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እኛ ቀድሞ የሚታወሰን ከረንና ጎንደር ነው። ፓስፊክ ሩቅ ነው። ግን ፊልም አይቶ ወይም የሆነ ነገር አንብቦ «ቆይ፣ ነገሩ እንዴት ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ስለ አብራሪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጦርነቱ መቼ ጀመረ? አብራሪዎቹስ የማን ነበሩ?

ጃፓንና ቻይና ከ1937 ጀምሮ ለይቶላቸው ይዋጉ ነበር። አሜሪካ የገባችው ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ነው። በዚያ እሁድ ጠዋት ከ6 የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የተነሱ 350 ገደማ አውሮፕላኖች ሃዋይ ላይ ፐርል ሃርበርን በሁለት ዙር ደበደቡ። 2,403 አሜሪካውያን ሞቱ። ጃፓን ያጣችው 29 አውሮፕላን ነው። ጊዜውን ለማስታወስ ያህል፣ ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን ከሰጠ ገና 10 ቀኑ ነበር።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ያኔ አሜሪካም ሆነች ጃፓን ራሱን የቻለ አየር ኃይል አልነበራቸውም። አብራሪው ወይ የምድር ጦሩ ነው ወይ የባሕር ኃይሉ። በአሜሪካ በኩል ማሪን የሚባሉት፣ ከመርከብ ወርደው የሚዋጉት ወታደሮችም የራሳቸው አብራሪዎች ነበሯቸው። በጃፓን በኩል ደግሞ ምድር ጦሩና ባሕር ኃይሉ ዓይንና ናጫ ነበሩ። አውሮፕላናቸው ሌላ፣ ሥልጠናቸው ሌላ፣ እቅዳቸውም ሌላ።

ከመርከብ ላይ እንዴት ይነሳሉ? እንዴትስ ያርፋሉ?

መነሳቱ ይሻላል። መርከቡ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ በሙሉ ኃይሉ ይጓዛል። የመርከቡ ፍጥነትና ነፋሱ ሲደመሩ አውሮፕላኑ ገና ሳይንደረደር ግማሽ ሥራው ተሠርቶለታል። የቀረው የሞተሩ ነው።

ጣጣው ማረፉ ላይ ነው። ኤሴክስ የሚባሉት ትልልቆቹ የአሜሪካ ተሸካሚዎች ወለላቸው 260 ሜትር ገደማ ነበር። የቦሌ መንደርደሪያ ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል ይበልጣል። በዚያ ላይ ከወለሉ ፊት ለፊት ሌሎች አውሮፕላኖች ተደርድረው ቆመዋል። ወለሉ ራሱ ከማዕበሉ ጋር ይነሳል፣ ይወርዳል።

በስተኋላ በኩል፣ በግራ ጥግ፣ አንድ መኮንን በሁለት እጁ ደማቅ ቀለም ያላቸው ሰሌዳዎች ይዞ ይቆማል። አብራሪው የሚያየው እሱን ነው። ሰሌዳዎቹን ሽቅብ ከፍ ካደረገ «ከፍ ብለሃል» ማለት ነው። ከራሱ በላይ ካወዛወዛቸው «ተመለስ፣ እንደገና ና» ነው። ይህ ትእዛዝ ነው፣ ክርክር የለም። አንዱን ሰሌዳ በአንገቱ ላይ ካሳለፈ ደግሞ «ሞተሩን ቁረጥ» ነው። አውሮፕላኑ ዱብ ይላል። ከጅራቱ ሥር ያለው መንጠቆ በወለሉ ላይ ከተዘረጉት የብረት ገመዶች አንዱን ይይዛል። ካልያዘስ? ከፊት ለፊት ሌላ የገመድ አጥር አለ። እሱንም ከዘለለ የሚያርፈው የቆሙት አውሮፕላኖች ላይ ነው። ጥይት ሳይነካው በዚህ ዓይነት አደጋ የሞተ ወጣት ብዙ ነው።

ከጠላት ይልቅ ውቅያኖሱን ነበር የሚፈሩት ይባላል። እውነት ነው?

በአብዛኛው አዎ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የፓስፊክን የአየር ጦርነት ከሌላው የሚለየው ዋናው ነገርም ይኸው ነው። ተኩሱ ደቂቃዎች ይፈጃል። መሄዱና መመለሱ ሰዓታት ይፈጃል።

አውሮፓ ላይ ሞተሩ የተበላሸበት አብራሪ ከታቹ ሜዳ፣ መንገድ፣ መንደር አለ። እዚህ ከታች ያለው ውሃ ብቻ ነው። የመሬት አየር ማረፊያ ቢያንስ ከቦታው አይነቃነቅም። መርከብ ግን ይሄዳል። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት፣ ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት በኋላ መርከቡ የት እንደሚሆን ጭኑ ላይ በሚያስቀምጣት ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ያሰላል። ጂፒኤስ የለም። ሬድዮውም ጠላት እንዳይሰማ ዝም እንዲል ታዟል። በአብዛኛው የሚተማመኑት በኮምፓስ፣ በእጅ ሰዓትና በነፋስ ግምት ነው። ነፋሱን የሚገምቱት ቁልቁል የማዕበሉን አረፋ እያዩ ነበር። ስሌቱ በጥቂት ዲግሪ ከሳተ መርከቡ ይገኝበታል የተባለው ቦታ ሲደርሱ ባዶ ውሃ ይጠብቃቸዋል።

በጁን 1942 በሚድዌይ ውጊያ ሆርኔት ከምትባለው የአሜሪካ ተሸካሚ መርከብ የተነሱ 10 ተዋጊ አውሮፕላኖች አንድ የጠላት መርከብ ሳያዩ ነዳጃቸው አለቀ። አሥሩም ባሕር ላይ ወረዱ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የጁን 20 ቀን 1944 ምሽት ነው። ከፊሊፒንስ ባሕር ላይ የጃፓን መርከቦች ከሩቅ ታዩ። ሰዓቱ መሽቷል፣ ርቀቱ ከነዳጁ አቅም ጋር አይመጣጠንም። የአሜሪካው አድሚራል ማርክ ሚቸር ይህን እያወቀ ከ200 በላይ አውሮፕላኖች ላከ። ውጊያው ላይ የወደቁት 20 ያህል ናቸው። መመለሻው ላይ ግን ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። አብዛኞቹ አብራሪዎች በሌሊት መርከብ ላይ አርፈው አያውቁም። ሬድዮው በጭንቀት ድምፅ ተሞላ። አንዱ ሞተሩ መጥፋቱን ይናገራል፣ ሌላው መርከቦቹ የት እንዳሉ ይጠይቃል። ያኔ ሚቸር መብራት ይብራ አለ። መላው ጦር መርከብ፣ ሰርጓጅ መርከብ ሊመታው ይችላል እየተባለ፣ ፋኖሱን ሁሉ ለኮሰ፤ ወደ ሰማይም የብርሃን ጨረር ለቀቀ። አብራሪዎቹ ያገኙት መርከብ ላይ ሁሉ አረፉ። የራሳቸው ይሁን የሌላ ማን ይመርጣል። 80 ገደማ አውሮፕላኖች ወይ ባሕር ውስጥ ገቡ ወይ ሲያርፉ ተሰባበሩ። ከሰዎቹ ግን አብዛኞቹ በዚያው ሌሊትና በማግስቱ ከውሃ ተለቀሙ።

ሚድዌይ ላይ ምን ተፈጠረ? «በ5 ደቂቃ ጦርነቱ ተለወጠ» የሚባለውስ?

ጁን 4 ቀን 1942 ነው። 4 የጃፓን ተሸካሚዎች ሚድዌይ የምትባለውን ትንሽ ደሴት ለመያዝ መጡ። አሜሪካኖቹ የጃፓንን ምስጢራዊ መልእክት በከፊል ፈትተው ስለነበር አድብተው ጠበቋቸው።

መጀመሪያ የደረሱት ቶርፔዶ (ውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ጣዮቹ ናቸው። ዴቫስቴተር የሚባለው አውሮፕላናቸው አዝጋሚ ነበር። ቶርፔዶ ለመጣል ደግሞ ዝቅ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ መብረር ግድ ነው። ከሆርኔት የተነሱት 15ቱም ተመትተው ወደቁ። ከ30ው ሰው የተረፈው አንድ ብቻ ነው፣ ጆርጅ ጌይ። ውሃ ውስጥ ሆኖ የመቀመጫውን ትራስ ራሱ ላይ ደፍቶ ተደበቀና ውጊያውን እዚያው መሃል ሆኖ አየው።

በዚሁ ሰዓት ዌድ ማክለስኪ ከ30 የሚበልጡ ቦምብ ጣዮችን እየመራ ጃፓኖቹ ይገኛሉ የተባለበት ቦታ ደረሰ። ምንም የለም። ነዳጁ ወደ መመለሻው ወሰን ተጠግቷል። ልመለስ ቢል የሚወቅሰው አልነበረም። ፍለጋውን ቀጠለ። ከታች አንዲት የጃፓን የጦር መርከብ ብቻዋን ወደ ሰሜን ስትከንፍ አየ። አራሺ ነበረች፤ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ስታሳድድ ቆይታ ጓደኞቿን ለመድረስ ትቸኩላለች። ተከተላት። የጃፓን ተዋጊዎች ቶርፔዶ ጣዮቹን ሲያሳድዱ ዝቅ ብለው ስለነበር ከላይ የሚጠብቅ አልነበረም። በደቂቃዎች ውስጥ 3 ተሸካሚዎች፣ አካጊ፣ ካጋና ሶርዩ፣ በእሳት ጋዩ። አራተኛዋ ሂርዩ ከሰዓት በኋላ ተራዋ ደረሰ። አሜሪካኖቹም ዮርክታውን የምትባለውን ተሸካሚ አጡ።

አካጊን የመታው ዲክ ቤስት ነው። የእሱ ታሪክ ብዙ አይነገርም። በዚያ ቀን የኦክስጅን መሣሪያው ተበላሽቶ ኮስቲክ ሶዳ ሳንባው ገባ። ከሰዓት በኋላም ሂርዩን ለመምታት ወጣ። በማግስቱ ደም ማሳል ጀመረ። ተኝቶ የነበረ ቲቢ ተቀስቅሶበት ነው። ሁለተኛ አልበረረም።

የጃፓኑ ዜሮ ያን ያህል የሚፈራው ለምን ነበር? በኋላስ ለምን አልቻለም?

ዜሮ የሚባለው ተዋጊ አውሮፕላን ክብደቱ ቀላል ነበር። ቀላል ስለሆነ በጠባብ ቦታ ይዞራል፣ ሽቅብ ይወጣል። ተጨማሪ የነዳጅ በርሜል ሲታሰርለት 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። ለአብራሪው የብረት መከላከያ የለውም፣ የነዳጅ ጋኑም ሲመታ ራሱን የሚደፍን አይደለም። ትንሽ ሲነካ ይነዳል።

አሜሪካኖቹ ይህን በሁለት መንገድ ደረሱበት። የመጀመሪያው ጆን ታች የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ነው። ዜሮ ከኛ ይበልጣል የሚል ሪፖርት አንብቦ ማታ ማታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የክብሪት እንጨት እየደረደረ መላ ይፈልግ ጀመር። ያገኘው ቀላል ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ይበራሉ። ዜሮ የአንዱን ጭራ ሲይዝ ሁለቱም እርስ በርስ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። አሳዳጁ ሳያስበው ከጓደኛው መትረየስ ፊት ይገኛል። ሚድዌይ ላይ ራሱ ሞከረውና ሠራ።

ሁለተኛው ዕድል ነው። በዚያው ጁን 1942 ታዳዮሺ ኮጋ የሚባል ወጣት አብራሪ አላስካ አጠገብ አኩታን ደሴት ላይ በድንገት ለማረፍ ሞከረ። ከላይ ሲያየው ሣር ነው። ረግረግ ሆኖ ተገኘ። አውሮፕላኑ ተገለበጠ፣ ኮጋም ሞተ። አውሮፕላኑ ግን እምብዛም አልተጎዳም። አሜሪካኖቹ አግኝተው ሳን ዲዬጎ ወስደው ጠገኑትና አበረሩት። በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ቀኝ መጠቅለል እንደሚከብደው፣ በድንገት ቁልቁል ሲደፋም ሞተሩ እንደሚታፈን አወቁ።

ያም ሆኖ ጃፓንን የጎዳት ከአውሮፕላኑ ይልቅ የሰው እጥረት ነው። የጃፓን ጎበዝ አብራሪዎች ሚድዌይ ላይ አለቁ የሚባለው ልክ አይደለም። እዚያ የሞቱት ወደ 110 ናቸው። ያለቁት ከዚያ በኋላ ሰሎሞን ደሴቶች ላይ በወራት ውስጥ ነው። አሜሪካ ልምድ ያለውን አብራሪ ከግንባር አውጥታ አስተማሪ ታደርገዋለች። ጃፓን እስኪሞት ታዋጋዋለች። በ1944 ነዳጅ ስለሌለ አዲሶቹ በጥቂት ወር ሥልጠና ይላኩ ነበር። ጁን 19 ቀን 1944 ማሪያና ደሴቶች አጠገብ በአንድ ቀን ከ300 በላይ የጃፓን አውሮፕላኖች ወደቁ። አሜሪካኖቹ ያጡት 30 ገደማ ነው። ይህን ውጊያ ማለት ይከብዳል።

ሳቡሮ ሳካይ በአንድ ዓይኑ ነው የተመለሰው ይባላል። ተጋኖ ይሆን?

አልተጋነነም። ኦገስት 7 ቀን 1942፣ አሜሪካኖቹ ጓዳልካናል ባረፉ ዕለት፣ የጃፓኑ ተዋጊ አብራሪ ሳካይ ራባውል ከሚባለው የጃፓን ጣቢያ ተነስቶ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ ደረሰ። ከፊቱ ያሉትን አውሮፕላኖች ተዋጊ መስለውት ከኋላ ተጠጋቸው። ቦምብ ጣዮች ነበሩ፤ ከኋላቸው መትረየስ ያለው ተኳሽ አለ። ጥይት ራሱን መታው። ግራ ጎኑ ደነዘዘ፣ ቀኝ ዓይኑ ጠፋ፣ ግራው በደም ተሸፈነ። ደሙን በመሐረቡና በምራቁ እየጠረገ፣ እንቅልፍ ሲወስደው ራሱን በጥፊ እየመታ፣ 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በላይ በርሮ ራባውል አረፈ። ነዳጁ አልቆ ነበር።

በ1944 በአንድ ዓይኑ ተመልሶ ተዋጋ። «64 ጣለ» የሚባለው ቁጥር ግን አከራካሪ ነው። የሞተው በ2000 ነው። የሚገርመው፣ አሜሪካኖች አትሱጊ ባለው የባሕር ኃይል ጣቢያቸው እራት ጋብዘውት ሳለ ነው።

ባሕር ላይ የወደቀ አብራሪ ምን ይገጥመው ነበር?

ዕድሉ ከቀናው፣ የሚነፋ የጎማ ጀልባና የሚያነሳው ሰው። አሜሪካኖቹ በዚህ በኩል ጎበዞች ነበሩ። ጥቃት በሚደረግበት ሁሉ ሰርጓጅ መርከብ አጠገብ ያቆማሉ፤ ሥራው መተኮስ ሳይሆን የወደቀ ማንሳት ነው። በጦርነቱ ከ500 በላይ አብራሪዎችና ረዳቶቻቸውን አትርፈዋል። ካታሊና የሚባለው የባሕር አውሮፕላንም ነበር። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1944 ኔታን ጎርደን ካታሊናውን ካቪዬንግ ወደብ አፍንጫ ሥር፣ ከጠላት ተኩስ መሃል፣ ደጋግሞ ውሃው ላይ እያሳረፈ 15 ሰው አነሳ።

ከተረፉት መካከል በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆርጅ ኸርበርት ዎከር ቡሽ አለ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1944 ቺቺ ጂማ ላይ ሲመታ ዕድሜው 20 ነበር። ቦምቡን ጥሎ ባሕር ላይ በፓራሹት ወረደ። ሞገዱ ወደ ደሴቲቱ እየገፋው፣ እሱ በእጁ እየቀዘፈ ሲሸሽ ፊንባክ የምትባል ሰርጓጅ መርከብ አነሳችው። አብረውት የነበሩት ሁለቱ ሞቱ። ነገሩ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። እዚያች ደሴት ላይ በሌላ ጊዜ የተማረኩ አሜሪካውያን አብራሪዎች የተገደሉበት አኳኋን ከጦርነቱ በኋላ ጓም ላይ ፍርድ ቤት ቀርቧል። የተወሰኑት አስከሬናቸው እስከመበላት ደርሷል።

ሌላው ሉዊስ ዛምፔሪኒ ነው። ሩጫ ለምንወድ ሰዎች ይህ ሰው ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ 5,000 ሜትር ሮጦ 8ኛ ወጣ። በሜይ 1943 የጠፋ አውሮፕላን ፍለጋ ሲሄድ የተሳፈረበት ቢ-24 ቦምብ ጣይ ሞተሩ ጠፍቶ ወደቀ። ከ11 ሰው 3 ተረፉ። ዝናብ እየጠጡ፣ ጀልባቸው ላይ ያረፈ ወፍ በጥሬው እየበሉ፣ ሻርክ ከሥር እየታከካቸው ተንሳፈፉ። አንደኛው በ33ኛው ቀን ሞተ። በ47ኛው ቀን ማርሻል ደሴቶች ሲደርሱ የጠበቃቸው የጃፓን ወታደር ነው። ከዚያ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ በምርኮ ተሰቃየ።

ለተማረኩ አብራሪዎች የተለየ ጭካኔ ነበረ?

ነበረ። መነሻው የዱሊትል ጥቃት ነው። ኤፕሪል 18 ቀን 1942 ጀምስ ዱሊትል የመራቸው 16 ቢ-25 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከሆርኔት ተነስተው ቶኪዮንና ሌሎች ከተሞችን ደበደቡ። ጠላት ቀድሞ ስላያቸው ከታቀደው ርቀው ነበር የተነሱት፤ እንደገና የነዳጅ ጉዳይ። ወደ መርከብ መመለስ አይችሉም፤ አንዱ ሶቪየት ኅብረት አረፈ፣ የቀሩት ቻይና ላይ ወይ ወደቁ ወይ አብራሪዎቹ በፓራሹት ዘለሉ። ጃፓኖቹ 8 ማርከው 3ቱን ረሸኑ፣ አንዱ በእስር ሞተ። ጠላት አብራሪዎችን ለፍርድ የሚያቀርብ ሕግም አወጡ። አብራሪዎቹን የደበቁ የቻይና መንደሮች ግን ከሁሉም የከፋ ዋጋ ከፈሉ። በቻይና በኩል የሚጠቀሰው የሟች ቁጥር እስከ 250 ሺህ ይደርሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግራ የሚያጋባው፣ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ እዚያው ታስረው የነበሩ 12 አሜሪካውያን አብራሪዎችና ረዳቶቻቸው መሞታቸው ነው። ስማቸውን ለዓመታት ሲያጣራና ቤተሰቦቻቸውን ሲፈልግ የኖረው ሺጌያኪ ሞሪ የሚባል ከቦምቡ የተረፈ የሂሮሺማ ሰው ነው። በ2016 ኦባማ ሂሮሺማ ሲሄድ ያቀፈው እሱን ነው።

ካሚካዜዎቹ በፈቃዳቸው ነበር የሚሄዱት?

አዎም አይደለምም። ካሚካዜ የሚባለው አውሮፕላንን ከነአብራሪው የጠላት መርከብ ላይ መከስከስ ነው። የተደራጀው ጥቃት የጀመረው በኦክቶበር 1944 ፊሊፒንስ ላይ ነው፤ ያደራጀው አድሚራል ታኪጂሮ ኦኒሺ ነው። አብራሪ ጠፍቷል፣ ነዳጅ የለም፤ የመመለሻውን ሒሳብ ጭራሽ ሰረዙት። በጠቅላላው 3,800 ገደማ የሚሆኑ ሞተዋል።

ብዙዎቹ ከዩኒቨርሲቲ የተወሰዱ ልጆች ነበሩ። ቅጽ ይሰጣቸዋል፤ ትሄዳለህ ወይ? ጓደኛህ «እሄዳለሁ» ብሎ ሲጽፍ፣ አዛዡ ቆሞ ሲያይ፣ «አልሄድም» ብሎ መጻፍ ምን ያህል ፈቃድ ይባላል? እውነት አምኖ የሄደም አለ፤ እያለቀሰ የሄደም አለ። ሞተራቸው ተበላሽቶ ወይም መርከብ አጥተው የተመለሱት የምድር ጦር አብራሪዎች ፉኩኦካ ውስጥ ከሰው ተለይተው ይቆዩ ነበር። በሕይወት መመለሳቸው ነውር ሆኖ። ኦኒሺ ጃፓን እጇን በሰጠች ማግስት ሆዱን ቀዶ ራሱን አጠፋ።

ቢ-29 ላይ የነበሩትስ?

ቢ-29 የአሜሪካ ግዙፍ ቦምብ ጣይ ነው። የእነሱ ጦርነት ሌላ ነው። 11 ሰው በአንድ አውሮፕላን፣ ከሳይፓን፣ ከቲኒያንና ከጓም ተነስተው እስከ ቶኪዮ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል። ደርሶ መልስ 15 ሰዓት ገደማ።

ማርች 9 ለ10 አጥቢያ 1945 ጄኔራል ከርቲስ ለሜይ ወትሮ ከሚበሩበት በጣም ዝቅ ብለው በሌሊት እንዲሄዱ አዘዘ። ከ270 በላይ ቢ-29ዎች የእንጨት ቤት በሞላበት የቶኪዮ ሰፈር ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ አዘነቡ። በአንድ ሌሊት 100 ሺህ ያህል ሰው ሞተ። ከእሳቱ የሚነሳው የጋለ አየር ግዙፉን አውሮፕላን እንደ ገለባ ያነሳው ነበር። የሚቃጠል ሥጋ ሽታ ኮክፒት ድረስ እንደገባ አብራሪዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል። አንዳንዱ በኋላ «ትእዛዝ ነው» ብሎ ዘጋው፣ አንዳንዱ ዕድሜውን በሙሉ ሲያብሰለስለው ኖረ። ሁለቱንም ወገን ማድመጥ ያለብን ይመስለኛል፤ ከታች የነበሩትን ሳንረሳ።

አቶሚክ ቦምቦቹንም የጣሉት ቢ-29ዎች ናቸው። ኦገስት 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ ፖል ቲቤትስ፣ ኦገስት 9 ናጋሳኪ ላይ ቻርልስ ስዊኒ። የስዊኒ አውሮፕላን የነዳጅ ፓምፑ ተበላሽቶ፣ ኢላማው ኮኩራም በደመናና በጭስ ተሸፍኖ፣ ናጋሳኪን መትቶ ኦኪናዋ ሲያርፍ ጋኑ ሊደርቅ ምንም አልቀረውም።

ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች ነበሩ? ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኝ ነገርስ አለ?

አላባማ ውስጥ ተስኪጊ ላይ የሠለጠኑት ዝነኞቹ ጥቁር አብራሪዎች የተዋጉት ሰሜን አፍሪካና ጣሊያን ላይ ነው። ቢ-25 ላይ የሠለጠነ ሌላ ጓድ ነበራቸው፤ ግን ሳይዘምት ጦርነቱ አለቀ። ስለዚህ ፓስፊክ ላይ በተዋጊ አብራሪነት አታገኟቸውም። የባሕር ኃይሉ ጥቁሮችን የሚቀጥረው በአብዛኛው ለወጥ ቤትና ለመስተንግዶ ነበር። ዶሪስ ሚለር ፐርል ሃርበር ላይ ያልሠለጠነበትን ፀረ አውሮፕላን መትረየስ ይዞ ተኮሰ፤ ተሸለመም። በ1943 ሲሞት ያኔም ከወጥ ቤት ሥራ አልወጣም ነበር።

ከኛ ጋር የሚያገናኘው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነው። ይህ ከቺካጎ የመጣ አብራሪ በ1935 ለኢትዮጵያ ሊበርር መጣ፤ ጣሊያን አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስም አገለገለ። የተማረው ተስኪጊ ነው፤ እዚያ የበረራ ትምህርት እንዲከፈት ከጎተጎቱት አንዱም እሱ ነው። በ1944 ተመልሶ መጥቶ የኢትዮጵያን አብራሪዎች አሠለጠነ። በ1954 አውሮፕላኑ ተከስክሶ በደረሰበት ጉዳት አዲስ አበባ ሞተ።

ሴቶችስ?

በውጊያ አልነበሩም። አሜሪካ ውስጥ ከ1,000 በላይ ሴት አብራሪዎች አዲስ አውሮፕላን ከፋብሪካ ወደ ጣቢያ ያደርሱ ነበር፤ 38ቱ ሞተዋል። ወታደር መሆናቸው የታወቀላቸው በ1977 ነው፣ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ። ነርሶች ግን እስከ ግንባሩ ሄደዋል። ጄን ኬንዲ በማርች 1945 ውጊያው ሳያልቅ ኢዎ ጂማ አርፋ ቁስለኛ ጭና ተመለሰች።

ከጦርነቱ በኋላ ተገናኝተው ያውቃሉ?

ያውቃሉ። የፐርል ሃርበርን ጥቃት ከአየር የመራው ሚትሱዎ ፉቺዳ ክርስቲያን ሆኖ አሜሪካ ድረስ እየሄደ ሰበከ። ኖቡዎ ፉጂታ ደግሞ በ1942 ከሰርጓጅ መርከብ በተነሳች ትንሽ አውሮፕላን ኦሪገን ጫካ ላይ ቦምብ የጣለ ሰው ነው፤ ዓላማው ደኑን ማቃጠል ነበር፣ አልሆነም። በ1962 ብሩኪንግስ የምትባለው ከተማ ጋበዘችው። የቤተሰቡን የሳሙራይ ሰይፍ ይዞ ሄዶ ለከተማዋ ሰጠ። ከዚያ በኋላም ተመላልሷል።

አውሮፕላኖቹን የት ማየት ይቻላል?

ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ ቅርብ ነው። ቨርጂኒያ፣ ዳሌስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው የስሚዝሶኒያን ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል ውስጥ ሂሮሺማን የመታችው ኤኖላ ጌይ አለች። የክንፏ ርዝመት ብቻ 43 ሜትር ነው። እዚያው የአሜሪካ ተዋጊዎቹ ሄልካት፣ ኮርሴርና ፒ-38፣ እንዲሁም ኦካ የሚባለው የካሚካዜዎቹ አውሮፕላን አሉ። መግቢያው ነጻ ነው፤ መኪና ማቆሚያው ይከፈልበታል። ሃዋይ ለደረሰ ደግሞ ፎርድ ደሴት ላይ የጥይት ቀዳዳ ያለባቸው የድሮ መስኮቶች እስካሁን አሉ። ጃፓን ውስጥ የካሚካዜዎቹን የመጨረሻ ደብዳቤዎች ማየት የሚፈልግ ካጎሺማ ክፍለ ሀገር ያለው ቺራን ይሂድ።

ዳሌሱ ቅዳሜና እሁድ ልጆች ይሞሉታል። በሥራ ቀን፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ብትገቡ ይሻላችኋል።